ደሴና ኮምቦልቻ ግቢን ለማየት የትኛው ቅዳሜና እሁድ ይሻላል?

እህቴ፣ «ልጄ ዘንድሮ 12ኛ ናት፤ ከወልድያ መጥተን ወሎ ዩኒቨርሲቲን ልናይ አስበናል፤ የትኛው ቅዳሜና እሁድ ይመቻል?» ብለሽ ለጠየቅሽው፦ ቅዳሜና እሁድን ብቻ ይዘሽ አትነሺ፣ አርብን ጨምሪበት። ብዙ ወላጅ የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ደርሶ ሬጅስትራሩን ዝግ ያገኘዋል፣ የትምህርት ክፍል ኃላፊ የለም፣ በሩ ላይም «ሰኞ ተመለሱ» ይባላል። የትራንስፖርቱና የአልጋው ብር በከንቱ ሄደ ማለት ነው። ከሩቅ አገር የመጣን ወላጅ እንዲያ ከበር መመለስ ያሳዝናል፤ ግን ያጋጥማል፣ ተዘጋጅታችሁ ኑ።

1ኛ፣ አርብን በሰዓት አስሊው። ቢሮው ጠዋት ከ2፡30 እስከ 5፡30 ይሠራል፤ ለጁምዓ ተዘግቶ ከ7፡30 እስከ 11፡30 ይቀጥላል። ከወልድያ ደሴ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመርሳ፣ በውጫሌ፣ በሐይቅ አድርጎ የሚመጣው መኪና መናኸሪያ ሞልቶ እስኪነሳም ጊዜ ይበላል። ንጋት 12 ሰዓት ብትነሱም ከ5፡30 በፊት የሚተርፋችሁ ጥቂት ነው። ሐሙስ ማታ ደሴ ማደር ይሻላል። ካልተቻለ አርብ 7፡30 ላይ በሩ ላይ ተገኙ፤ ከ10 ሰዓት በኋላ «ኃላፊው ወጥቷል» ይበዛል።

2ኛ፣ ወሩ። መስከረም 21 የግሸን ማርያም ንግሥ ነው፤ በዚያ ሳምንት ደሴ ላይ አልጋ ማግኘት ፈተና ነው፣ መንገዱም በተጓዥ ይጨናነቃል። የምርቃት ሰሞንም እንደዚሁ። በሴሚስተር እረፍት ከመጣችሁ ባዶ ሕንፃ አይታችሁ ትመለሳላችሁ፤ በፋይናል ሰሞን ደግሞ ተማሪው ቀና ብሎ አያናግራችሁም። ጥሩው ትምህርት ተጀምሮ አንድ ወር ገደማ ሲሞላው፣ ሚድ (የሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና) ሳይጀመር ነው። የትምህርት ካላንደሩ በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ የዘንድሮውን አይታችሁ ቀን ቁረጡ። የ12ኛ ፈተና ውጤት እስኪወጣ አትጠብቁ፤ ከዚያ በኋላ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ለመሙላት የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው። ተማሪ የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ስለሆነም ልጅሽ «ትቀበሉኛላችሁ?» ብላ ብትጠይቅ ግቢው የሚመልስላት የለውም።

3ኛ፣ ምን ልትማር እንደምትፈልግ መጀመሪያ ወስኑ፣ ምክንያቱም ግቢው አንድ አይደለም። ኢንጂነሪንግ ከሆነ ያለው ኮምቦልቻ ነው፤ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ወርዶ። ደሴ ላይ ዞራችሁ «አየነው» ብላችሁ ብትመለሱ ልጅቷ የማትኖርበትን ግቢ ነው ያያችሁት። አየሩም ሌላ ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ስለሚል ይሞቃል፤ ደሴ ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ አጥንት ይገባል፣ ወፍራም ብርድ ልብስ ይፈልጋል።

ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ለኑሮው ትጠቅማለች። ወንድ ሆነ ሴት ጎብኚ ዶርም አይገባም፤ ከውጭ ሆኖ የሚታይ ግን አለ። ወደ ልብስ ማጠቢያው ሂዱ። ቢጫ ጀሪካን ከቧንቧው ጀምሮ ተደርድሮ፣ ክዳኑ ላይ የዶርም ቁጥር በማርከር ተጽፎ ካያችሁ ውሃው በፈረቃ ነው ማለት ነው። የሚያጥቡትን ሴት ተማሪዎች ልጅሽ ራሷ ትጠይቅ፦ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ሌሊት ሽንት ቤቱ ጋ መብራት አለ? ላይብረሪ እስከ ስንት ሰዓት ይከፈታል? ካፌ (ግቢው ውስጥ መመገብ) ነው ወይስ ነን ካፌ (የምግቡን ብር ተቀብሎ ውጭ መመገብ) የሚያዋጣው? አንቺ ትንሽ ራቅ በይላቸው፤ እናት አጠገብ ከቆመች መልሱ ሁሉ «ጥሩ ነው» ይሆናል። አንድ ነገር ልብ በይ፦ ቅዳሜ ክፍል ገብተው የምታያቸው ብዙዎቹ ከውጭ እየተመላለሱ የሚማሩ የኤክስቴንሽን ተማሪዎች ናቸው። ስለ ዶርም እነሱን አትጠይቂ።

ለበሩ፦ መታወቂያሽን፣ የልጅቷን የተማሪ መታወቂያ፣ ከትምህርት ቤቷም ማኅተም ያለበት «ለጉብኝት ነው» የሚል ደብዳቤ ያዙ። ደብዳቤው ግዴታ ባይሆንም ጥበቃው ለአለቃው የሚያሳየው ወረቀት ሲኖር ጭቅጭቁ ያጥራል። ላፕቶፕ ከያዛችሁ ስትገቡ አስመዝግቡት፣ ስትወጡ እንዳይያዝባችሁ።

ቅዳሜ ከ7 ሰዓት ሳታሳልፉ መናኸሪያ ግቡ፤ ከመሸ ለወልድያ የሚሞላ መኪና ማግኘት ይከብዳል።