ስለ ፖከር የምትጠይቁ ጠይቁኝ፦ ካሽ ጌም፣ ቶርናመንት፣ ከነደብተሩ

ደብተሬ፦ ሰላም ቤተሰብ። ባለፈው ቅዳሜ ስለ ፖከር አንድ ነገር ጣል ባደርግ በውስጥ መስመር ጥያቄ በዛብኝ፣ እዚሁ ሁላችሁም ባላችሁበት ልመልስ ብዬ ነው። ለማታውቁኝ ዲሲ አካባቢ ነው የምኖረው፣ ቀን ታክሲ እነዳለሁ፣ ቅዳሜ ማታና አንዳንድ ረቡዕ ሜሪላንድ ላይቭ ወይ ናሽናል ሃርበር ኤምጂኤም ካዚኖ ቁጭ እላለሁ። ፖከር የጀመርኩት በ2014 ነው። ፕሮ አይደለሁም፣ እሆናለሁም አልልም። የምጫወተው ኖ ሊሚት ሆልደም የሚባለውን የፖከር ዓይነት ብቻ ነው፣ ካሽ 1/3 ዶላር፣ ቶርናመንት ደግሞ ከ100 እስከ 400 ዶላር ያለውን። ስለ ስሎትና ስለ ብላክጃክ አትጠይቁኝ፣ እዛ ተጋጣሚያችሁ ቤቱ፣ ካዚኖው ራሱ፣ ነው። ፖከር ላይ እርስ በርስ ነው የምንበላላው፣ ቤቱ ድርሻውን ቆርጦ ዳር ቆሞ ያያል። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልበል፦ የኪራይ ብር፣ የእቁብ ብር፣ ለናቱ የሚልከውን ብር ይዞ የሚገባ ሰው እኔን አይጠይቀኝ።

ቴዲ_አሌክሳንድሪያ፦ ጋሼ በወር ስንት ይሰራሉ?

ደብተሬ፦ አንተ በለኝ፣ ገና 47 ነኝ። በወር የሚባል ነገር የለም። ቀጣይ።

ሊሊ፦ እኔ ከዜሮ ነኝ ይቅርታ፣ ካሽ ጌምና ቶርናመንት ልዩነቱ ምንድነው?

ደብተሬ፦ ምን ይቅርታ አለው። ካሽ ላይ ቺፕሱ፣ የምናስይዘው ሳንቲም መሳይ ነገር፣ ራሱ ብር ነው፣ 300 አስገብተሽ ትቀመጫለሽ፣ ሲሰለችሽ ተነስተሽ የያዝሽውን መንዝረሽ ትሄጃለሽ፣ ካለቀብሽ ከኪስሽ ትጨምሪያለሽ። ብላይንዱ፣ ካርታ ሳይታደል ሁለት ሰው በግድ የሚያስይዘው ብር፣ 1/3 ከሆነ እስኪነጋ 1/3 ነው። ቶርናመንት ላይ ለምሳሌ 150 ከፍለሽ 20 ሺህ ቺፕስ ይሰጡሻል፣ ያ 20 ሺህ ከዛ ክፍል ውጪ ማኪያቶ አይገዛም። ብላይንዱ በየ20 በየ30 ደቂቃው ይጨምራል፣ ዝም ብለሽ ብትቀመጪ ራሱ ይበላሻል፣ ቺፕስሽ ሲያልቅ ወጣሽ። ከመቶ ሰው 12 ወይ 15 ሰው ነው ብር የሚያገኘው፣ የሚበዛውን ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ይወስዱታል።

ማሙሽ_ኮንከር፦ እኛ ሰፈር ኮንከር ተጫውተን ነው ያደግነው፣ ካርታ ካርታ ነው፣ ይሄን ያህል ምን ያከብደዋል?

ደብተሬ፦ ና ቅዳሜ፣ ወንበር እይዝልሃለሁ።

ሀበሻ_ቬጋስ፦ ለጀማሪ የትኛው ይሻላል? እዚህ ቬጋስ ልጆቹ ሁሉ ቶርናመንት ነው የሚሉት፣ ኪሳራው የታወቀ ነው ብለው።

ደብተሬ፦ ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አረፍ ብዬ ልመልሰው። ልጆቹ ያሉት ግማሹ እውነት ነው፣ 150 ከፍለህ ከገባህ ከ150 በላይ አትከስርም፣ ግን ሪኢንትሪ የሚባል ነገር አለ፣ ስትወጣ እንደገና ከፍለህ ትገባለህ፣ እኔ በአንድ ማታ አራቴ ገብቼ 600 ከፍዬ አውቃለሁ ስለዚህ «የታወቀ» የምትለዋ ራስህን ስታውቅ ነው። ሁለተኛ ትንንሾቹ ቶርናመንቶች ላይ ከ150ው 30ው የቤቱ ነው፣ ሽልማት ውስጥ የሚገባው 120 ነው። ከአምስት አንዱ ገና ሳትቀመጥ ሄደ ማለት ነው።

ካሽ ላይ ደግሞ ሬኩን፣ ቤቱ የሚቆርጠውን ድርሻ፣ ማንም አያየውም። ዲለሩ፣ ካርታ አዳዩ፣ ከመሃል ብድግ አድርጎ ቀዳዳዋ ውስጥ ይከታታል፣ ሁለት ዶላር፣ አምስት ዶላር፣ ማን ይቆጥራል? እኔ ቆጥሬዋለሁ። በሰዓት 30 እጅ፣ ማለት 30 ጨዋታ፣ ያህል ይታደላል እንበል፣ ከእያንዳንዱ በአማካይ 4 ዶላር ቢቆረጥ 120፣ ያሸነፈ ሰው ሁሉ ለዲለሩ አንድ አንድ ዶላር ቲፕ ሲያደርግ 30፣ ባንድ ላይ 150 ዶላር በሰዓት ከጠረጴዛው ይወጣል። ለ9 ሰው አካፍለው፣ ወደ 17 ዶላር። ማንም ማንንም ሳይበልጥ ሁላችሁም እኩል ጎበዝ ብትሆኑ እንኳን እያንዳንዳችሁ በሰዓት 17 ዶላር እየከሰራችሁ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ከተቀመጥክ 150። እኔ ታክሲ ውስጥ አንዳንድ ቀን በሰዓት ከዛ ብዙም የማይበልጥ ነው የማገኘው። ስለዚህ ካሽ ላይ ትርፍ ለማየት ከጎንህ ካሉት ትንሽ መሻል አይበቃም፣ በጣም መሻል አለብህ። ለጀማሪ ምን ይሻላል ካልከኝ ትንሽ ቶርናመንት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ገብተህ፣ ኤቲኤም ካርድህን ቤት ትተህ። እና ደብተር ያዝ።

ቢኒ፦ እንዴት ነው ማሸነፍ የሚቻለው?

ደብተሬ፦ ይሄ ጥያቄ አይደለም ወንድሜ። የቱ ጋ ነው የምትሸነፈው? ስንት ይዘህ፣ ከየት ወንበር፣ ማን ሬይዝ አድርጎብህ፣ ብሩን ከፍ አድርጎብህ? እሱን አምጣና እንነጋገራለን።

ቢኒ፦ እሺ፣ ኤስ ኤስ፣ ሁለት አስ ማለቴ ነው፣ ይዤ ሁሌ ነው የምሸነፈው። ካዚኖው የሆነ ነገር የሚያደርግ ይመስለኛል።

ደብተሬ፦ ካዚኖው ማን ቢያሸንፍ ምን አገባው፣ ሬኩን ወስዷል እኮ። ስንት ሬይዝ ታደርጋለህ?

ቢኒ፦ 6 ዶላር፣ እንዳይሸሹብኝ ብዬ።

ደብተሬ፦ በቃ ተገኘ። ኤስ ኤስ ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ከሆንክ፣ ያ ሰው ምንም ይያዝ ምን፣ ከመቶ 85ቱን ታሸንፋለህ። አራት ሰው አስከትለህ ከሄድክ ግን ወደ 56 ትወርዳለህ። 1/3 ላይ 6 ዶላር ማለት ግብዣ ነው፣ ማንም አይሸሽም፣ ሁሉም ሰው ነጠላ ጫማውን አድርጎ ይመጣል። 15 ወይ 20 አድርገው። ደግሞ ኤስ ኤስ በ221 እጅ አንዴ ነው የሚመጣው፣ በሰዓት 30 እጅ ከታደለህ ሰባት ሰዓት ተቀምጠህ አንዴ፣ «ሁሌ» ያልከው ስንቴ ነው? ሦስቴ? ጻፈው እስቲ።

ወለተ_ሥላሴ፦ እኔ ግን አንድ ነገር ልበል፣ ቁማር ቁማር ነው፣ ስሙን እንግሊዝኛ ስላደረጋችሁት አይቀየርም።

ማሙሽ_ኮንከር፦ እህት ዲቪ ሎተሪ ሞልተሽ አይደል የመጣሽው?

ወለተ_ሥላሴ፦ ዲቪ ላይ ልብሴን አላስያዝኩም።

ሀበሻ_ቬጋስ፦ ሃሃሃ። እቁብስ? እሱም እጣ ነው።

ወለተ_ሥላሴ፦ እቁብ ያስገባኸውን ሙሉውን ታገኛለህ፣ ተራህ ነው የሚለያየው። ከቁማር ጋር አታገናኘው።

ቴዲ_አሌክሳንድሪያ፦ ሰብሳቢው ካልጠፋ።

ደብተሬ፦ እህታችን ስለ እቁብ ያለችው ልክ ነው፣ ሌላውን ቡና ላይ ጨርሱት፣ ጥያቄ ያለው ይጠይቅ።

ናቲ_ሲልቨር፦ በእቁብ ከመጣችሁ እኔም ልጠይቅ፣ በሚቀጥለው ዓመት 10 ሺህ ዶላር ይወጣልኛል፣ ቬጋስ ሄጄ ዋናውን የዓለም ሻምፒዮና ልግባበት እያልኩ ነው። በሕይወቴ አንዴ!

ደብተሬ፦ ላይኛውን አላነበብከውም መሰለኝ። የእቁብ ብር ብያለሁ። ግን ሕልሙ ስለሚገባኝ ልመልስልህ። ዋናው ጨዋታ መግቢያው 10 ሺህ ዶላር ነው፣ በ2023 የገባው ሰው 10,043 ነበር፣ አንደኛው 12.1 ሚሊዮን ወሰደ። እሱን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ያልሰማችሁት ብር ያገኙት 1,507 ብቻ መሆናቸውን ነው፣ ከመቶው 85ቱ ባዶ እጁን ሄደ። እዛ ደረጃ ላይ ሽልማቱ አንድ ሰው ጋ ስለሚከማች ጎበዝ የሚባል ሰው ራሱ መቶ ቶርናመንት ተጫውቶ ኪሳራ ውስጥ ሊሆን ይችላል፣ አንተ አንድ ነው የምትጫወተው።

ሰው ሁሉ የሚያወራው የ2003ቱን አሸናፊ ክሪስ መኒሜከርን ነው፣ የሂሳብ ሠራተኛ ነበር፣ ኦንላይን 86 ዶላር ከፍሎ ማጣሪያ አሸንፎ ገባና 2.5 ሚሊዮን ወሰደ። ልብ በል፣ የከፈለው 86 ነው። አንተም የምታደርገው እሱን ነው፣ ሳተላይት የሚሉት አለ፣ ትንሽ ከፍለህ መግቢያውን ራሱን ነው የምትወዳደርበት። ወይ ደግሞ ድርሻ ሽጥ፣ ሃያ ጓደኛ 500፣ 500 ያዋጣና ካሸነፍክ ትካፈላላችሁ፣ በጽሑፍ ግን ይሁን፣ ሐበሻ ነን ብላችሁ በቃል እንዳታደርጉት።

ናቲ_ሲልቨር፦ ሃያ ጓደኛ ቢኖረኝ ቅዳሜ ማታ ፖከር ምን አስኬደኝ

ሊሊ፦ 😂😂

ዮኒ_ታኮማ፦ ጋሼ ሁለት ሐበሻ አንድ ጠረጴዛ ላይ ከሆንን አማርኛ ስናወራ ዲለሯ ተቆጣችን፣ ዘረኝነት ነው አይደል?

ደብተሬ፦ አይደለም። ጨዋታው እየተካሄደ እያለ እንግሊዝኛ ብቻ ነው፣ ቻይናውም ስፓኒሹም ይቆጡታል። ሌላው ሰው ካርታችሁን እየተነጋገራችሁ እንደሆነ በምን ያውቃል? ይሄን ካነሳህ ግን ዋናውን ነገር ልንገርህ፣ እኛ ሐበሾችን የሚያከስረን ካርታ አይደለም፣ ይሉኝታ ነው።

እኔ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ላይ ከእቁብ ማኅበርተኛዬ ጋር አንድ ጠረጴዛ ተቀመጥን። ቶርናመንት ነበር። መጨረሻዋ ካርታ ወጣች፣ ሁለታችን ብቻ ቀርተናል፣ እኔ ማንም የማይበልጠው ፉል ሃውስ ይዣለሁ፣ መጨረሻ ተናጋሪ እኔ ነኝ። ሰውየው ሦስት ልጅ አለው፣ ትናንት ቤቱ ሽሮ በልቻለሁ፣ እንዴት አድርጌ ላስወጣው? ቼክ ብዬ፣ ምንም ብር ሳልጨምርበት፣ ካርታዬን ገለበጥኩ። ከጎኔ ያለው ሽማግሌ ፈረንጅ ወዲያው ፍሎር ብሎ የክፍሉን ኃላፊ ተጣራ፣ ፍሎሩ መጣና ሶፍት ፕሌይ፣ ለጓደኛ ማዘን፣ ነው አለኝ፣ የማይበለጥ ካርታ ይዘህ መጨረሻ ላይ ቼክ ማለት ቶርናመንት ላይ ያስቀጣል፣ አንድ ዙር አስወጥቶ አስቆመኝ። ያኔ በጣም ነው የተናደድኩት። በኋላ ሳስበው ግን ሰውየው ልክ ነው፣ እኔ ለጓደኛዬ የማርኩት ቺፕስ ከሌላው ሰባት ሰው ኪስ የወጣ ነው። ጓደኛህን መምታት ካልቻልክ ሌላ ጠረጴዛ ጠይቅ፣ ነውር የለውም።

ሁለተኛው ይሉኝታ ብድር ነው። ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው አታበድሩ። በ2017 ለአንድ የሀገሬ ልጅ 300 ዶላር «ለአስር ደቂቃ» ሰጠሁ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ቤተክርስቲያን ሲያየኝ በሴቶች በር ነው የሚወጣው።

ወለተ_ሥላሴ፦ አሁን ገባኝ ማን እንደሆነ 😂

ደብተሬ፦ እዚህ ስም የለም።

አቤል_ቢ፦ ኦንላይን የትኛው አፕ ጥሩ ነው?

ደብተሬ፦ ኦንላይን አልጫወትም። ሜሪላንድም ቨርጂኒያም ፈቃድ ያለው ኦንላይን ፖከር የለም፣ ፈቃድ የሌለው ላይ ብርህ ቢቀር ለማንም መክሰስ አትችልም። ቀጣይ።

አቤል_ቢ፦ በወር ስንት ይገኝበታል ግን?

ደብተሬ፦ አቤል፣ ላይ ተመልሶአል።

ሀበሻ_ቬጋስ፦ ቶርናመንት መጨረሻ ላይ ሦስት ሰው ቀርተን የማሸነፍ ዕድሌ ሃምሳ በሃምሳ የሆነ ነገር መጣልኝ፣ ያለኝን ቺፕስ ሁሉ አስይዤ ገብቼ ወጣሁ። ጓደኞቼ ተሳስተሃል አሉኝ። ሃምሳ በሃምሳ ከሆነ ምኑ ነው ስህተቱ?

ደብተሬ፦ ጓደኞችህ ልክ ናቸው። በቁጥር ላሳይህ። ሽልማቱ 500፣ 300፣ 200 ነው እንበል፣ ሦስታችሁም እኩል ቺፕስ አላችሁ። አሁን ድርሻህ 333 ዶላር ነው። ገብተህ ካሸነፍክ ቺፕስህ እጥፍ ሆነ፣ ብርህ ግን እጥፍ አይሆንም፣ አንድ ሰው ገና ፊትህ አለ፣ ድርሻህ 433 ነው። ከተሸነፍክ 200 ይዘህ ሄድክ። ለ100 ዶላር ስትል 133 አስያዝክ ማለት ነው። አይሲኤም የሚሉት እሱ ነው። ካሽ ላይ ሃምሳ በሃምሳ ከሆነ ምንም አይደለም፣ ቺፕሱ ብር ነዋ፣ ቶርናመንት ላይ የምታጣው ቺፕስ ከምታገኘው ይበልጣል። ካሽ የለመደ ሰው ፋይናል ቴብል ላይ የሚሞተው በዚህ ነው፣ እኔም ስንቴ ሞቻለሁ።

ሰናይት፦ ጥያቄዬ ከናንተ ይለያል ይቅርታ። ባለቤቴ «ፖከር ችሎታ ነው» ይለኛል፣ ሁለት ወር ኪራይ አልከፈልንም።

ደብተሬ፦ እህቴ፣ እሱ ፖከር እየተጫወተ አይደለም። 1-800-426-2537 ደውዪ፣ ነፃ ነው፣ ለቤተሰብም ይመልሳሉ። ሜሪላንድ ውስጥ ሰው ራሱን ከካዚኖ የሚያስወጣበት መዝገብ አለ፣ ግን እሱ ራሱ ነው መፈረም ያለበት፣ አንቺ ልትፈርሚለት አትችይም። የባንክ ሂሳባችሁ የጋራ ከሆነ ደሞዝሽን ዛሬውኑ ለዪ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ባለቤቴ ትደውልልሻለች።

ሰናይት፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ዮኒ_ታኮማ፦ ደብተር ደብተር የምትለው ግን ምንድነው?

ደብተሬ፦ በመጨረሻ አንድ ሰው ጠየቀ። በ2015 አንድ ቶርናመንት አንደኛ ወጥቼ 7,400 ዶላር አገኘሁ። ከ5 ሺህ ስላለፈ የታክስ ፎርም ሰጡኝ። ከዛ በኋላ ለማንም «እኔ አሸናፊ ነኝ» ነው የምለው። ታክስ ሲሞላ ባለቤቴ፣ የሂሳብ ሠራተኛ ናት፣ «7,400ው የታል?» አለችኝ። ካሽ ጌም ላይ ትንሽ ትንሽ ሄዷል አልኳት። የባንክ ወረቀቱን አወጣች፣ የሁለት ዓመት ኤቲኤም፣ እያንዳንዱን ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ የወጣ 200፣ ማውጫው ራሱ የቆረጠውን ስድስት ስድስት ዶላር ሳይቀር ደመረችው። 9,100። እኔ እኮ ሳልዋሽ ነው አሸናፊ ነኝ ያልኩት፣ ያሸነፍኩባቸውን ማታዎች አንድ በአንድ አስታውሳለሁ፣ የተሸነፍኩባቸው ግን ሁሉም አንድ ማታ ነው የሚመስሉኝ። በማግስቱ የ99 ሳንቲም ደብተር ገዛሁ፦ ቀን፣ የገባሁበት ሰዓት፣ ያስገባሁት፣ ያወጣሁት፣ ቤንዚን፣ እራት። ካሽና ቶርናመንት ለየብቻ። ለታክስም ያስፈልጋል፣ ኪሳራህን ካልመዘገብክ የለም፣ ደግሞ ከ2026 ጀምሮ ከኪሳራህ 90 በመቶውን ብቻ ነው የሚቀንሱልህ።

ማሙሽ_ኮንከር፦ ታዲያ ደብተሩ ምን ይላል? በወር ስንት? 😅

ደብተሬ፦ አይ ማሙሽ። እሺ ይኸው፣ የ2024 የመጨረሻ ገጽ ነው። ካሽ 212 ሰዓት፣ 1,140 ትርፍ፣ በሰዓት 5 ዶላር ከ38 ሳንቲም ነው የሚመጣው። ቶርናመንት 31 ጊዜ፣ 1,905 ኪሳራ። ባንድ ላይ ሲደመር 765 ዶላር ከኪሴ ወጥቷል፣ ቤንዚኑ ሳይገባበት።

ቴዲ_አሌክሳንድሪያ፦ ማለት... ከስረሃል?

ደብተሬ፦ አዎ። 2023 ደግሞ 2,200 አትርፌ ነበር።

ማሙሽ_ኮንከር፦ ቅዳሜ ወንበር እይዝልሃለሁ ያልከኝ ግን እንዳለ ነው አይደል?

ደብተሬ፦ ሁለት ሰዓት ላይ። ካርድህን ቤት ትተህ ና።