ንጉሡ ጎረቤቱን የሚወርርበት ምክንያት

ንጉሡን ከሰል አሳጣው። ስለ ልቦለድህ «ብረት አቅላጩ መንግሥት ደን ያለውን ጎረቤቱን ለምን ይወርራል? ንጉሡ ክፉ ስለሆነ ማለት ብቻ አልጣመኝም» ላልከው መፍትሔው ይሄ ነው።

የብረት ማቅለጫ ምድጃ ቀንና ሌሊት ከሰል ይበላል። መሀል ላይ ከቀዘቀዘ የቀለጠው ብረት ውስጡ ይረጋና ምድጃውን ራሱን ያበላሸዋል። ስለዚህ ንጉሡ የራሱን ደን ቢጨርስም ማቆም አይችልም፤ መድፉም፣ ግብሩም፣ የመኳንንቱ ድጋፍም እሳቱ ላይ ተንጠልጥሏል። የሥልጣን ጥማቱን ከዚህ አስነሳው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ፦ አገሩ ውስጥ የድንጋይ ከሰል አይኑር። እንግሊዛዊው አብርሃም ዳርቢ እኮ በ1709 እ.ኤ.አ. ኮልብሩክዴል ላይ ከድንጋይ ከሰል በተሠራ ኮክ በተባለ ማገዶ ብረት አቅልጧል፤ የድንጋይ ከሰል ካለው ንጉሡ የጎረቤቱን ደን ምን ያደርግለታል? የጓደኞቼን ረቂቅ ሳነብ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ካየሁ ጦርነቱን ማመን ያቅተኛል። የድንጋይ ከሰል የግድ ካስፈለገህ በጎረቤቱ አገር መሬት ሥር አድርገው።