መልስ፦ አንድ ሰው ሁለት የቼዝ ፕሮግራም ቢያስገባ ፍትሐዊ ነው ወይ?

ወንድሜ፣ ደብረ ብርሃን ላይ በምታዘጋጁት የቼዝ ፕሮግራሞች ውድድር አንዱ ልጅ ሁለት ላስገባ ማለቱ አግባብ ነው ወይ ብለሃል። ሁለቱ የምር የተለያዩ ከሆኑ እኔ ቅር አይለኝም። ኮሞዶና ኮሞዶ ኤምሲቲኤስ የተባሉት የቼዝ ፕሮግራሞች ከአንድ ቡድን ወጥተው ቲሲኢሲ በተባለው የፕሮግራሞች ውድድር ላይ ሁለቱም ተጫውተዋል። የሚጫወቱትን እርምጃ የሚፈልጉበት ስልት ለየቅል ነው። ስም ብቻ ቀይሮ ማምጣት ግን አይሆንም።

ዋናው ጣጣ ነጥቡ ላይ ነው። እቁብ ላይ ሁለት ዕጣ የያዘ ሰው እጥፍ ይከፍላል። እዚህ ግን ሁለተኛው ፕሮግራም ምንም ሳይከፍል ለወንድሙ ነጥብ ሊለቅለት ይችላል። ሰውም ያደርገዋል እኮ! በ1962 እ.ኤ.አ. ኩራሳዎ ደሴት ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ማጣሪያ የሶቪየት ተጫዋቾቹ ፔትሮስያን፣ ኬሬስና ጌለር እርስ በርስ የተጫወቷቸውን 12 ጨዋታዎች በሙሉ አቻ ወጡ። አሜሪካዊው ተወዳዳሪ ፊሸር ተመሳጥረዋል ብሎ አደባባይ ወጣ፤ የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን ፊዴም በኋላ ለማጣሪያው ወደ ጥሎ ማለፍ ዞረ።

ስለዚህ ሁለቱን በመጀመሪያው ዙር አጋጥሟቸው። ያኔ ለማን መልቀቅ እንደሚያዋጣ ገና አይታወቅም። ኮዱን ቀድማችሁ ተረከቡና ጎን ለጎን እዩት፤ ከዚያ በኋላ አይነካ። በዚያ ብርድም ሌሊት ተነስቶ የሚነካካ አይጠፋም። ለሽልማት የተሻለው አንዱ ብቻ ይቆጠርለት። በዚህ ካልተስማማ አንዱን ይምረጥ።