ከካራማራ እስከ ሐቫና፦ ስለ ጄኔራል ኦቾዋ ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ስለተገኘው የካራማራ ድል ስናወራ፣ «የኩባን ጦር ይመራ የነበረው ጄኔራል በኋላ በገዛ መንግሥቱ ተረሸነ» ብዬ በአንድ መስመር አልፌው ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። እኔም ስለዚህ ሰው ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ዓመታት አልፈዋል። አጎቴ በ1970 ምሥራቅ ግንባር ታንከኛ ነበር። አንድ ኩባዊ የሰጠውን የወታደር ምግብ ጣሳ እስከ ዛሬ ከዕቃ መደርደሪያው ላይ አላነሳም። ልጅ ሆኜ እሷን ጣሳ ሳገላብጥ ነው ነገሩ የገባብኝ። እንግዲህ ጥያቄዎቻችሁን ልመልስ። የውጭውን ዘመን አቆጣጠር እ.ኤ.አ. እያልኩ እለየዋለሁ።

ሰውዬው ማነው? ከየት ተነስቶ ነው ጄኔራል የሆነው?

አርናልዶ ኦቾዋ ሳንቼዝ ይባላል። በምሥራቅ ኩባ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በወጣትነቱ ሴራ ማይስትራ ተራራ ገብቶ ከፊደል ካስትሮ ሸማቂዎች ጋር ተሰለፈ። የኩባው አምባገነን ባቲስታ እ.ኤ.አ. በ1959 መባቻ ሲፈረጥጥ እሱ ካሸነፉት ወገን ነበር። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሸማቂዎችን ለማገዝ በድብቅ ቬኔዝዌላ ገባ። ሶቭየት ኅብረት ሄዶ በታዋቂው ፍሩንዜ የጦር አካዳሚ ተማረ። አንጎላ ዘመተ። ቀጥሎ እኛ ጋ መጣ። ከእኛ በኋላ ኒካራጓ፣ ከዚያ እንደገና አንጎላ። እ.ኤ.አ. በ1984 «የኩባ ሪፐብሊክ ጀግና» የሚለውን ትልቁን ማዕረግ ተሸለመ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ የኮሚኒስት ፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ አባል ነው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

በእኛ ጦርነት ላይ ሥራው ምን ነበር? ሁሉን ነገር የሠራው ሩሲያዊው ፔትሮቭ ነው የሚሉ አሉ።

ጄኔራል ቫሲሊ ፔትሮቭ የሶቭየት አማካሪዎች አለቃ ነበር። በዕቅድ በኩል ድርሻው ከባድ ነው። ኦቾዋ ደግሞ የኩባን ተዋጊ ጦር ያዘዘ ነው። ይህ ጦር 16 ሺህ ያህል ሰው ነበር፤ ታንከኛውም መድፈኛውም በውስጡ አለ።

የሶማሊያ ጦር በ1969 ክረምት ገባ። በ1970 መግቢያ ጅጅጋ ወደቀች። የካራማራ ተራራ ደግሞ የተፈጥሮ ግንብ ነው። ፊት ለፊት ብትወጣበት ከላይ ሆኖ ይለቅምሃል። ስለዚህ ጅጅጋን ለማስለቀቅ ሲታሰብ የተመረጠው መንገድ ተራራውን በሌላ በኩል ዞሮ ከጀርባ መምጣት ነው። ትላልቅ የሶቭየት ሄሊኮፕተሮች ብረት ለበስ እየጫኑ ከጠላት ኋላ አወረዱ። የካቲት 26 ቀን 1970 ጅጅጋ ነፃ ወጣች። ሶማሊያ ጦሯን እንደምታስወጣ ያሳወቀችው ከአራት ቀን በኋላ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። በዚያ ጦርነት በብዛት የሞተው የእኛው ወታደርና ከታጠቅ ጦር ሰፈር የተነሳው ሚሊሻ ነው። የኩባን ውለታ ስናነሳ እነሱን መዘንጋት የለብንም።

ኩባዎች ኤርትራ ውስጥም ተዋግተዋል?

አልተዋጉም። ሶማሊያ ድንበር ጥሳ ስለገባች እዚያ መሰለፍ አልከበዳቸውም። ኤርትራ ላይ ግን ተዋጊ ጦር አንልክም ብለው በአቋማቸው ጸኑ። የቀረው ጦራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ጠቅልሎ ወጣ።

በኮሚኒስት አገር አንድ መኮንን የሚያድገው በጦር ሜዳ ችሎታው ነው ወይስ በፓርቲው?

ጥሩ ጥያቄ። በሁለቱም ነው፤ የመጨረሻዋን ፊርማ የሚፈርመው ግን ፓርቲው ነው። በእኛም አይታችሁታል። ደርግ የሶቭየትን አሠራር ሲያመጣ ከጦር አዛዡ አጠገብ የፖለቲካ ኮሚሳር ተቀመጠ፣ የደህንነት ሰው ተጨመረ። አዛዡ ሻለቃውን ወደ ግራ ላንቀሳቅስ ቢል ሦስት ሰው መስማማት አለበት። የሚጻፈው ሪፖርት ደግሞ በሦስት መንገድ ነው ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው። ከዚያ ዘመን መኮንኖች ጋር ስታወራ ከሻዕቢያ ይልቅ ስለዚህ ነገር ሲያማርሩ ትሰማለህ።

ሌላም አለ። በኩባ መጀመሪያ ላይ ትልቁ ማዕረግ «ኮማንዳንቴ» ነበር፤ በእኛ ቋንቋ ሻለቃ ማለት ነው። የጄኔራልነት ማዕረግ የመጣው ቆይቶ ነው። ፊደል ግን እስከ መጨረሻው ኮማንዳንቴ ተባለ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያምም ሌተና ኮሎኔል ሆነው ነው ጄኔራሎችን ያዘዙት። ትከሻ ላይ ያለው ኮከብ ብዛት ሥልጣን እንዳልነበረ ከዚህ በላይ ማሳያ የለም።

ታዲያ ከፊደል ጋር የተጣላው በምን ምክንያት ነው?

ፀቡ የጀመረው አንጎላ ላይ ይመስለኛል። ኦቾዋ እ.ኤ.አ. ከ1987 መጨረሻ ጀምሮ እዚያ የኩባ ጦር ተልዕኮ ኃላፊ ነበር። ያኔ ኩዊቶ ኩዋናቫሌ ላይ ከደቡብ አፍሪካ ጦር ጋር ከባድ ውጊያ ነበር። ፊደል ጦርነቱን ሐቫና ቁጭ ብሎ በቴሌግራም ይመራው ነበር። የትኛው ብርጌድ የት ይቁም የሚለውን ሳይቀር። ሜዳ ላይ ያለ ጄኔራል ይህን እንዴት እንደሚቀበለው ገምቱት። ፊደል ኋላ ላይ ሌላ ጄኔራል፣ ሲንትራ ፍሪያስን፣ ግንባሩን እንዲይዝ ላከ። ኦቾዋ ዋና ከተማዋ ሉዋንዳ ቀረ።

ጦርነቱ በስምምነት አለቀ፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1988 ኒውዮርክ ላይ ተፈረመ። ኦቾዋም ወደ አገሩ ተመለሰ። ሐቫናን የሚጠብቀውን የምዕራብ ጦር እንዲያዝ ታጭቶ ነበር። ሹመቱን ሲጠብቅ እስሩ ቀደመው።

ክሱ ምን ነበር? እውነት ኮኬይን ነግዷል?

በደንብ ልመልስ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ያደባልቀዋል።

የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ውስጥ የአሜሪካን ማዕቀብ እየጣሰ ዶላርና ዕቃ የሚያመጣ ሚስጥራዊ ክፍል ነበር። ኃላፊው ኮሎኔል አንቶኒዮ ዴ ላ ጓርዲያ ነው። ይህ ክፍል ከኮሎምቢያ ነጋዴዎች ጋር ገጥሞ ዕፅ በኩባ በኩል አሳልፏል። ዓቃቤ ሕጉ ከዚህ 3.4 ሚሊዮን ዶላር ተገኝቷል አለ።

ኦቾዋ የተከሰሰው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው አንጎላ ውስጥ ስኳር፣ የዝሆን ጥርስና አልማዝ በጥቁር ገበያ በማስነገድ። ሁለተኛው ረዳቱን ካፒቴን ማርቲኔዝን ኮሎምቢያ ድረስ ልኮ ከዕፅ ነጋዴው ፓብሎ ኤስኮባር ጋር በማነጋገር። በእሱ በኩል ግን አንድም ጭነት አላለፈም። ይህን ችሎቱም አልካደም።

ፍርድ ቤት ቀርቦ ራሱን አልተከላከለም?

አልተከላከለም። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው። መጀመሪያ 47 ጄኔራሎችና አድሚራሎች የክብር ችሎት ብለው ተሰየሙ። አብዛኞቹ አብረውት የተዋጉ ናቸው። ማዕረጉ ይገፈፍ ብለው ወሰኑ። ቀጥሎ ልዩ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀረበ። ሂደቱ በቴሌቪዥን ተላልፏል። ያ ሁሉ ሜዳሊያ የነበረው ሰው ሲቪል ልብስ ለብሶ ተቀምጧል። አይጮህም፣ አይለማመጥም። ጥፋተኛ ነኝ አለ። ብረሸን እንኳ የመጨረሻ ሐሳቤ ስለ ፊደል ይሆናል አለ።

ተገዶ ነው የሚሉ አሉ። ቤተሰቡን ለማትረፍ ነው የሚሉም አሉ። እኔ ደግሞ ዕድሜ ልኩን ከፓርቲው ውጭ የሚቆምበት መሬት ስላልነበረው ይመስለኛል። ማዕከላዊ ኮሚቴውን ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

29ኙ የመንግሥት ምክር ቤት አባላት በሙሉ ድምፅ ሞቱን አጸደቁ። ሐምሌ 6 ቀን 1981 ከዴ ላ ጓርዲያ፣ ከማርቲኔዝና ከአንድ ሌላ መኮንን ጋር ተረሸነ። ከታሰረ ገና አንድ ወሩ ነበር።

አንተ ራስህ ጥፋተኛ ነው ትላለህ?

በጥቁር ገበያው አዎ። ለሞት የሚያበቃ ግን አይደለም። ይህ ሁሉ ከላይ ያሉት ሳያውቁት ሆነ የሚለውን ደግሞ ለመቀበል ይቸግረኛል። የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ አብራንቴስ ራሱ ወዲያው ተሽሮ 20 ዓመት ተፈረደበት፤ እስር ቤት ሳለ ሞተ። ጊዜውንም እዩት። ለውጥ አራማጁ የሶቭየት መሪ ጎርባቾቭ ሐቫናን የጎበኘው መጋቢት መጨረሻ ላይ ነው፣ ኦቾዋ የታሰረው ሰኔ ላይ። ሶቭየት የተማረ፣ ወታደሩ የሚወደው ጄኔራል ያን ሰሞን ያስፈራል።

ከግንቦት 8ቱ የእኛ የከሸፈ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ጋር ይገናኛል?

በቀጥታ የሚያገናኛቸው ነገር የለም። ግን ቀኖቹን አስቀምጧቸው። ግንቦት 8 ቀን 1981 አዲስ አበባ ላይ ጄኔራል መርዕድ ንጉሤና ጄኔራል አምሃ ደስታ ራሳቸውን አጠፉ። አስመራ ላይ ጄኔራል ደምሴ ቡልቶ ተገደሉ። አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ ሐቫና ላይ ኦቾዋ ተያዘ። በዓመቱ ደርግ በሙከራው የተያዙ 12 ጄኔራሎችን ረሸነ። ከዚያ በፊት፣ የካቲት 1980፣ ኤርትራ ውስጥ የነበረው የናደው ዕዝ አዛዥ ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በገዛ ወገኑ ተረሽኗል። በወሩ የዕዙ መቀመጫ አፋቤት ወደቀች። አጎቴ እስከ ዛሬ ስለ ታሪኩ ስታነሳበት ድምፁ ይለወጣል።

ፔትሮቭስ ምን ሆነ?

እሱ ቀናው። እ.ኤ.አ. በ1983 የሶቭየት ኅብረት ማርሻል ሆነ።

ትግላችን ሐውልት ላይ የኦቾዋ ፎቶ አለ?

የለም። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ባለው በዚያ ሐውልት ግቢ ያሉት ጦርነቱ ላይ የወደቁት ኩባውያን ምስሎች ናቸው፣ 163 ሰዎች። አብዛኞቹ ልጆች ናቸው፤ ሃያ ዓመት ያለፋቸው አይመስሉም። አጎቴን አንድ ቀን ይዤው ሄጄ ነበር። ጣሳዋን የሰጠውን ልጅ ይፈልግ ጀመር። አንድ በአንድ እያየ ዞሮ ጨረሰ። አላገኘውም። «እንኳን!» አለኝና ወጣን።