ጡረታ ወጥቶ የሰፈር ግሮሰሪ መቀመጥ ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ሐዋሳ ነው። ዕድሜዬ 67 ሲሆን ጡረታ ወጥቻለሁ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል፤ ልጆቼም አዲስ አበባ ናቸው። አመሻሽ ላይ ሰፈራችን ካለች አንዲት ትንሽ ግሮሰሪ በረንዳ ላይ ከድሮ የሥራ ባልደረቦቼ ጋር አንድ ሁለት ድራፍት ይዘን እንጫወታለን። ሰክሬ አላውቅም። አንድ የሰንበቴ ወዳጄ ግን «በዚህ ዕድሜህ መጠጥ ቤት? ነውር አይደለም?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ልቤ አላረፈም።

መልስ፦ ጋሼ፣ መጠጡ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ዳዊት «ወይን ያስተፌሥሕ ልበ ሰብእ»፣ ወይን የሰውን ልብ ደስ ያሰኛል ይላል (መዝ. 103፥15)። ቅዱስ ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መክሮታል። ወዳጅዎም ቢሆን ሰንበቴ ላይ የጠላው ጽዋ ሲደርሰው የሚመልስ አይመስለኝም።

የተከለከለው ስካር ነው (ኤፌ. 5፥18)። ሰክሬ አላውቅም ብለዋል፤ አምንዎታለሁ። ነገር ግን በ40 ዓመት ምንም ያላደረገ ሁለት ድራፍት በ67 ሌላ ነው። የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ ያ የእኔ ሙያ አይደለም። ሐዋርያው ለቲቶ ሲጽፍ ሽማግሌዎች ልከኞች እንዲሆኑ ምከር ያለው በከንቱ አይደለም።

ከመጠጡ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ጠረጴዛው ነው። የእኛን አገር ባህል ያውቁታል። አንዱ «ይሄ በእኔ ነው» ይላል፣ ሌላው ብድሩን ለመመለስ ይጨምራል፣ እምቢ ሲሉት «በሞቴ!» ይመጣል። ሰው ብዙ ጊዜ ልኩን የሚያልፈው ጠምቶት ሳይሆን ይሉኝታ ይዞት ነው። ስለዚህ ገና ሲቀመጡ ልክዎን ይናገሩ። ደግሞ የጡረታ ገንዘብ የግብዣ ዙር አይችልም፤ ይህን ለመናገር ማፈር የለብዎትም።

ሁለተኛው ሐሜት ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ከድራፍቱ ይልቅ ለንስሐ የሚያበቃው እሱ ይመስለኛል። ሞቅ ሲል የጎረቤት ልጅ ይነሣል፣ የሰው ትዳር ይነሣል፣ አንዳንዴ ካህኑም አይቀሩም። ስለ ሐዋሳ ከተማ ጨዋታ ወይም ስለ መድኃኒት ዋጋ ቢያወሩ ማንም አይጎዳም። ወሬው ወደ ሰው ሲዞር ግን አንድ ሽማግሌ «ተዉት እስቲ» ቢል ይሰማል። ያ ሽማግሌ እርስዎ ይሁኑ።

ጾሙንስ? ብዙዎች «ቢራ ጥሉላት የለውም፣ የጾም ነው» ሲሉ እሰማለሁ። ምክንያቱ ግማሽ ነው። ነቢዩ ዳንኤል ሦስት ሳምንት ሲያዝን የተወው ሥጋውን ብቻ አልነበረም፤ ጠጅም በአፌ አልገባም ብሏል (ዳን. 10፥3)። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ፣ ረቡዕና ዓርብም መጠጡን ይተዉ እንጂ ሰዎቹን አይተዉ። እዚያው በረንዳ ላይ አምቦ ውኃ ወይም ሻይ ይዘው ይቀመጡ። ያኔ የሚሄዱት ለሰዎቹ ይሁን ለብርጭቆው ራስዎ ይለዩታል። ድራፍቱ ሲቀር መሄዱም ካስጠላዎት፣ ወይም እጅዎ እረፍት ካጣ፣ ነገሩ ጨዋታ መሆኑ ቀርቷል። «በእኔ ላይ ግን አንድ ነገር እንኳ አይሠለጥንብኝም» የሚለው ቃል ለዚህ ነው (1ኛ ቆሮ. 6፥12)። ንስሐ አባትዎን ቶሎ ያማክሩ።

ለሰዎቹ ብለው ከሆነ ግን ልብዎ ይረፍ። መጽሐፈ መክብብ ከአንድ ሁለት መሆን ይሻላል፣ ቢወድቁ አንዱ ሁለተኛውን ያነሣዋል ይላል። ባለቤቱን ቀብሮ ብቻውን ለሚኖር ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አንድ ቀን ቢቀሩ «ምነው ታመመ እንዴ?» ብሎ በርዎን የሚያንኳኳ ሰው አለዎት ማለት ነው። ጌታንም እኮ «በላተኛና የወይን ጠጅ ጠጭ» ብለው አምተውታል፤ አብሯቸው የሚቀመጣቸውን ሰዎች አይተው ነው።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። ከጓደኞችዎ መካከል አረቄ ጎድቶት መጠጥ የተወ ካለ፣ እሱ ባለበት አይጠጡ። ሻይ ቤት ተቀጣጠሩ፣ ወይም ሐይቁ ዳር አብራችሁ ተራመዱ። በቆረቡበት ቀንም ግሮሰሪው ይቅር፤ ያን ቀን ከቤትዎ ይዋሉ። በወር በ19 የቅዱስ ገብርኤልን በዓል ሲያነግሡ ደግሞ ከጓደኞችዎ አንዱን ይዘው ይሂዱ። ከመካከላቸው ቤተ ክርስቲያን ከረገጠ የቆየ አይጠፋም፤ ከሰባኪ ጥሪ ይልቅ የእርስዎን «ና እንሂድ» ይሰማል።