ዘምቶ የማያውቀው ወታደር ለምን ድባቴ ያዘው? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

በአሜሪካ ጦር ውስጥ ለ9 ዓመት የአእምሮ ጤና ክሊኒክ ረዳት ነበርኩ። ሐኪም አይደለሁም። ሐኪሙ ጋ ከመግባታችሁ በፊት ቅጽ አስሞልቶ የሚያናግራችሁ ሰው ነኝ። በሥራ ላይ ስላለ ወታደርና ስለ ድባቴ (ዲፕሬሽን) የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የመጡልኝን እነሆ።

«ልጄ ጦርነት አይቶ አያውቅም። ቴክሳስ ውስጥ የጦር መኪና ነው የሚጠግነው። ታዲያ ምን አስጨነቀው?» (አንዲት እናት)

እማማ፣ ይሄ ጥያቄ ጄኔራሎቹንም ግራ አጋብቷል። እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2009 ባለው ጊዜ ራሳቸውን የሚያጠፉ ወታደሮች ቁጥር ሲጨምር ሰዉ ሁሉ ጣቱን የቀሰረው ኢራቅና አፍጋኒስታን ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ውጤቱ የወጣው «አርሚ ስታርስ» የተባለው ጥናት ግን ዘምተው በማያውቁትም ላይ ቁጥሩ መጨመሩን አሳየ።

የልጅዎን ቀን ልንገርዎት። ስፖርቱ ከንጋቱ 12፡30 ነው፤ ስለዚህ 11 ሰዓት ላይ ይነሳል። ቀኑን ሙሉ ጋራዥ ነው። ማታ 11 ሰዓት ትለቀቃላችሁ ይባላል። ከዚያ አንድ ቁልፍ ጠፋ ተብሎ ሃምሳ ሰው እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ቆሞ ይጠብቃል። ምን እንደሚጠብቅ የሚነግረው የለም። ክፍሉ ሲገባ የቀኑን ንዴት በስልክና በጌም ሲያበርድ ሌሊቱ ይጋመሳል። እንቅልፍ በየቀኑ ሲሸራረፍ ጀግናም ይሰበራል።

ከዚያ አለቃው አለ። እኔ ባየሁት፣ አንድ ክፉ ሳጅን ከአንድ ዓመት ዘመቻ የባሰ ሰው ይጎዳል። በዘመቻ ላይ ቢያንስ ጓደኛ አለ፤ ለምን እንደመጡም ይታወቃል። በተረፈ ዕዳውንም ይጠይቁት። ካምፑ በር ላይ የተደረደሩት መኪና ሻጮች የ19 ዓመት ልጅ ደሞዝ የሚገባበትን ቀን ከእሱ በላይ ያውቁታል።

«ጦሩ ነው የሚያሳምማቸው ወይስ ታመው ነው የሚገቡት?»

ሁለቱም። በዚያው ጥናት ውስጥ ከተጠየቁትና የአእምሮ ሕመም ከተገኘባቸው ወታደሮች ከ4ቱ 3 ያህሉ ሕመሙ የጀመራቸው ከመቀጠራቸው በፊት መሆኑን ተናግረዋል። የተሸከሙትን ይዘው ይገባሉ፤ ጦሩ ደግሞ ይጨምርበታል። በሱዳን በረሃ አልፎ የመጣ የኛ የሐበሻ ልጅ ቅጥር ጣቢያ ሲደርስ ያንን ሁሉ ማን ይጠይቀዋል? እሱስ መች ይናገራል?

«ሐኪሙ ድባቴ አለብህ ወይ ሲለኝ የለብኝም አልኩ። ግን ጨጓራዬ ይቃጠላል፣ ራሴን ይወጥረኛል፣ ምግብ አስጠልቶኛል።»

ወንድሜ፣ ለዚህ መልስ ረዘም ብዬ ልቀመጥ። የኛ ሰው «አዝኛለሁ» ብሎ ክሊኒክ አይመጣም። ሆዱንና ወገቡን ይዞ ነው የሚመጣው። ቋንቋችንም አያግዘንም፤ «ደብሮኛል» ስትል ጓደኛህ «ና ቡና እንጠጣ» ይልሃል። ቅዳሜ ፊልም ሲያልቅብንም ደብሮናል እንላለን፣ ከአልጋ መነሳት ሲያቅተንም ደብሮናል እንላለን።

አንድ የኛ ልጅ ለወገብ ሕመም ብሎ ሦስት ጊዜ መጣ። ሦስተኛው ቀን በአማርኛ «እንጀራ መቼ በላህ?» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ እናቱ የላከችለት በርበሬ ሳይከፈት አራት ወር እንደሞላው ነገረኝ። ድስት ማውጣት ከብዶት ነው። ሐኪሙ ጋ ይዤው የገባሁት በዚያች በርበሬ ነው። አንተም «ድባቴ» የሚለውን ቃል ተወው። ከሁለት ሳምንት በላይ የምትወደው ነገር ካስጠላህ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባብህ፣ ያንኑ ንገራቸው።

«በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2013 የትግራይ ጦርነት ሲነሳ እኔ ኮሪያ፣ ካምፕ ሃምፍሬይስ የተባለው የአሜሪካ ጦር ሰፈር ነበርኩ። ትግራይ ስልክ ተቋርጦ ስለ ቤተሰቤ ምንም ሳልሰማ ወራት አለፉ። ስልኩ ተመልሷል፤ እኔ ግን አልተመለስኩም።»

በዚያ ጊዜ ከየአቅጣጫው የመጡ የኛ ወታደሮችን አይቻለሁ። ትግሬውም አማራውም ኦሮሞውም ያው ፊት ነበረው። የለበስከው የሌላ አገር ዩኒፎርም ነው፤ ጠመንጃ ይዘሃል፤ ለገዛ እናትህ ግን ምንም ማድረግ አትችልም። ያ አቅም ማጣት የጥፋተኝነት ስሜት ይሆናል፣ ሲቆይ ድባቴ ይሆናል። አለቃህ ዜናውን ላያውቀው ይችላል። ቁጭ ብለህ አስረዳው። ዘግይቷል አትበል።

«አላስካ፣ ፌርባንክስ ነኝ።»

ገባኝ! በታኅሣሥ ፀሐይ 4 ሰዓት እንኳ አትሞላም። ለዚሁ የተሠራውን መብራት ከክሊኒኩ ጠይቅ፤ ጠዋት ጠዋት ፊት ለፊቱ ተቀመጥ።

«ብናገር ሴኩሪቲ ክሊራንሴን (ምስጢር ያለበትን ሥራ የምሠራበትን ፈቃድ) ይወስዱብኛል። ይሄን ሁሉም ያውቃል።»

ሁሉም የሚያውቀው ይሄ ነገር ብዙ ሰው ጎድቷል። የክሊራንሱ ቅጽ ራሱ ምክር መፈለግ ብቻውን ለመከልከል ምክንያት እንደማይሆን ይናገራል። ቅጹ ላይ መዋሸት ግን ጣጣ አለው።

አዛዡ ምን ይሰማል? ራስህን ወይም ሰው የመጉዳት አደጋ ካለ፣ ሆስፒታል ከተኛህ፣ ግዳጅህን የሚነካ ከሆነ ይነገረዋል። የሳምንታዊ ወሬህ አይነገረውም። ቄሱ፣ የጦሩን የሃይማኖት አገልጋይ ቻፕሊኑን ማለቴ ነው፣ የነገርከውን ለማንም አያወጣም፤ ሃይማኖትህንም አይጠይቅህም። «ብራንደን አክት» የተባለው ሕግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ራሱን ባጠፋ የባሕር ኃይል ወጣት ስም የወጣ ነው። ምክንያትህን ሳታብራራ ለአለቃህ «ምርመራ እፈልጋለሁ» ማለት ትችላለህ፤ እሱም መላክ ግዴታው ነው።

«ጠበል ቢጠመቅስ?»

ይጠመቅ። መድኃኒቱን ግን እንዳያቆም።

«ወንድሜ ስልክ አያነሳም። ሲያነሳም 'ደህና ነኝ' ብቻ ነው። ምን ልበለው?» (እህት፣ ከቨርጂኒያ)

እህቴ፣ «ደህና ነህ?» አትበይው፤ መልሱ ታውቋል። «ትናንት ስንት ሰዓት ተኛህ?» በይው። «ምን በላህ?» በይው። ብር ላክ የሚለውን ወሬ ለአንድ ወር ተዪለት፤ አዲስ አበባ ላሉትም ንገሪያቸው። ካሳሰበሽ በግልጽ «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብለሽ ጠይቂው፤ መጠየቅሽ ሐሳቡን አይሰጠውም። አዎ ካለሽ ስልኩን አትዝጊ። ቤቱ የራሱ ሽጉጥ ካለው ጓደኛው እንዲያስቀምጥለት አድርጊ። በሌላ ስልክ ወደ አሜሪካው የጭንቅ ጊዜ መስመር 988 ደውለሽ 1 ተጫኚ፤ ቤተሰብም መደወል ይችላል፣ ሌሊትም ያነሳሉ።