ለአንድ ቀበሮ ወንድሜ ይታሰር?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ዘንድሮ ሁለት ጠቦት ተበላብን። ወንድሜ ተናዶ በብስክሌት ፍሬን ሽቦ ወጥመድ ሠራ። ቀይ ቀበሮ ገባበትና ሞተ። የፓርኩ ስካውት (የዱር እንስሳት ጠባቂው) ሽቦውንም በድኑንም ይዞ ወንድሜን ለፖሊስ አስረከበው። ሲይዘው ክፉኛ ተሰዳድበዋል። አሁን አበጋሮች፣ የአገራችን አስታራቂ ሽማግሌዎች፣ ሊያስታርቋቸው ነው። ዕርቅ ከወረደ ክሱ ይቀራል? ደግሞስ ለአንድ ቀበሮ ሰው ይታሰራል?
ከቦረና ሳይንት፣ ወሎ

መልስ፦ እህቴ፣ እኔም 17 ዓመት ስካውት ነበርኩ። ወደ ስካውቱ ባደላ አትቀየሚኝ።

ዕርቁ ይውረድ። የተሰዳደቡበትን ቂም አበጋር ይሽረዋል። የቀበሮው ነገር ግን ከስካውቱ እጅ ወጥቷል። ስካውት ይይዛል፣ ኤግዚቢቱን፣ ማለትም የተያዘውን ማስረጃ፣ ያስረክባል፣ በቃ። ቀሪው የመርማሪና የዐቃቤ ሕግ ሥራ ነው። ስካውቱ «ይቅር ብዬዋለሁ» ቢል እንኳ ክሱን አያነሣም። ዕርቁ የሚጠቅመው ሌላ ጋ ነው፤ ጥፋቱን አምኖ ከተፀፀተ ፍርድ ቤት ለቅጣት ማቅለያ ሊይዝለት ይችላል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ 541 ለእንዲህ ያለው ጥፋት ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት፣ ወይም ከ5,000 እስከ 30,000 ብር፣ ወይም ሁለቱንም ነው ያስቀመጠው። ቀላል አይደለም።

«ለአንድ ቀበሮ» ያልሽው ግን ከነከነኝ። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የለም። ለአካለ መጠን የደረሰው በመላው አገር 500 አይሞላም። በወሎ ከእናንተ ሌላ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ አለ። ምግቡ ባብዛኛው አይጥ ነው፣ ያቺው ገብስሽን የምትፈጀው። ጠቦት አይነካም አልልሽም፤ አልፎ አልፎ ይነካል። ግን ባብዛኛው የሚያድነው ቀን ነው። ጠቦቶቹ የተበሉት ሌሊት ከሆነ፣ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ተራውን ቀበሮ ወይም ጅብን ነው።

ስካውቱ ሽቦና በድን ተሸክሞ መሄዱም አይግረምሽ። አንድ ጊዜ የድኩላ ቆዳ ከነወጥመዱ አንድ ፖሊስ ጣቢያ አደረስኩ። ተረኛው ሳይመዘግብ በረንዳ ላይ ጣለው። ሌሊት ውሻ ጎትቶ ወሰደው። ማስረጃ የለም ተባለና ሰውዬው ተለቀቀ። በሳምንቱ ገበያ ላይ አግኝቶኝ፣ እየሳቀ፣ «ደህና ነህ ወይ?» አለኝ። ሁለት ቀን በእግሬ የሄድኩበት ሥራ!

ይልቅ ወንድምሽን አንድ ነገር ጠይቂው፤ የቀረ ሽቦ አለ? ካለ ለመርማሪው ይናገርና ይነቀል። አንድ ሽቦ ብቻ አጥምዶ የሚቆም ሰው እኔ አላየሁም።